ከወንበሩ ሥር ያለችው ስዊች

ጡረታ ስወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን ለተተኪዬ አስረክቤ ቴስተሬን ብቻ በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። ቴስተሯ የግሌ ናት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን የምለካባት ነገር አጣሁ። ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ማታ ማታ ጸጥ ይል ነበር፤ እኔም ከሥራ ስቀር ጸጥታው ቀንም መጣ። ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው በዝግታ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እነሣለሁ።

የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ታደሰ አትክልተኛ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሱ የሚነዳውን የሣር ማጨጃ ማሽን የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ሥራዬ ስጽፍ ስለ እሱም መጻፌ አይቀርም። ታደሰ በዚያ ማሽን ወንበር ላይ ይቀጥል ወይስ ይውረድ የሚለው ነገር አንድ ቀን እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ልጽፍ የተነሣሁት ያንን ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባም።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት ጫማ ፋብሪካ ነው፤ ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ። የክፍሉ አለቃ የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጎን ዞረው፣ «እሺ፣ መሰላል ላይ ስትወጣ ማን ሊይዛት ነው?» አሉ።

ጥግ ላይ ተቀምጦ ሽቦ የሚልጥ ሰው ነበር። ቀና እንኳ ሳይል፣ «መሰላሉ ይይዛታል፤ እኔንም የሚይዘኝ እሱ ነው» አለ።

ጋሼ በየነን ያወቅሁት እንዲህ ነው። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን ተንከራተው ተንከራተው ፋብሪካው ቀጠራቸው። ብዙ አይናገሩም። የተፈታ ብሎን በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአፈታቱ ተራ ይደረድራሉ፤ ሲገጥሙ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ማሽን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። እኛ ሌሎቹ ሥራው ሲያልቅ ነበር የምንታጠበው። በአንድ ነገር ግን ከማንም ይለያሉ። ማሽን ተበላሸ ተብለው ሲጠሩ ካቻቢቴ አያነሡም። መጀመሪያ ማሽኑን የምታሠራውን ሴት ይጠሩና፣ «እስቲ እኔ የሌለሁ መስሎሽ እንደ ወትሮሽ ሥሪ» ይሏታል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። አለቃው እየተመላለሱ፣ «በየነ፣ ጸሎት ላይ ነህ እንዴ?» ይሏቸዋል። እሳቸው አይመልሱም።

በዚያ ፋብሪካ ቆዳ የሚቆርጥ መጫኛ ማሽን ነበር። ሠራተኛዋ ሁለት ቁልፎች በሁለት እጇ ካልተጫነች አይወርድም፤ እጅ ከሥሩ እንዳይኖር ተብሎ ነው። አንድ ሰው አንደኛውን ቁልፍ በሽቦ ቀጥታ አገናኘው። በአንድ እጅ እየተጫኑ በሌላው ቆዳውን መግፋት ሥራውን ያፈጥናል። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ተደሰተ። ከዚያ ጥሩነሽ የምትባል ልጅ ጣቶቿን አጣች። እኔም ጥሩዬ ስለምባል እሷን የፈለጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር።

ጋሼ በየነ ክዳኑን ከፍተው ያቺን አጭር ሽቦ በፒንሳ አውጥተው አሳዩኝ። ይናደዳሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

«ይህን ያገናኘው ሰው ክፉ ሰው አይደለም» አሉኝ። «ሊረዳት ፈልጎ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እጠነቀቀው ነበር።»

ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር እኔ ከተቀነሱት መካከል ነበርኩ። ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ደወል፣ አምፖልና የመምህራን ክበብ ምድጃ ስጠግን ጥቂት ዓመታት አለፉ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። በመጨረሻ ታደሰ እሱ በሚሠራበት ግቢ ክፍት ቦታ መኖሩን ነገረኝ።

ግቢው ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያና የስብሰባ ቦታ። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወደ ታች እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሣር። ታደሰ ያንን ሣር በእግሩ እየሄደ፣ በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ እየገፋ ያጭድ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ እጁ ብርጭቆ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወገቡን ያመው ነበር፤ ዳገቱን ሲወጣ ቆም እያለ ይተነፍሳል። እንግዶች በጩኸቱና በጭሱ ስላማረሩ ነው እንጂ ለታደሰ ወገብ ታስቦ አይደለም፣ ድርጅቱ በባትሪ የሚሠራ፣ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ አስመጣ። ቀላሉ ባቡር ሥራ በጀመረበት ሰሞን ነው።

ታደሰ የመጀመሪያውን ቀን ሲነዳው የግቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። በር ላይ የሚጠብቀው ሻምበል፣ ሻምበል የወጣለት ስሙ ነው እንጂ ማዕረጉ አይደለም፣ እጁን እያርገበገበ፣ «ካራ! ካራ! ኮተቤ ካራ! አንድ ሰው!» እያለ እንደ ታክሲ ረዳት ተጣራ።

«ሞልቷል!» አለው ታደሰ። «ደግሞ አንተን የሚያህል ሰው ለሁለት ነው የሚከፍለው!»

«መንጃ ፈቃድህን አሳየና!»

«ሚስቴ ናት የፈቀደችልኝ። እሷን ጠይቅ።»

በዚያን ዕለት እንደሳቀው ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም።

ማሽኑ በተከታታይ የተያያዙ አራት ባትሪዎች አሉት። ቤንዚን የለመደ ሰው ባትሪን እንደ በርሜል ያየዋል፤ እስኪያልቅ ይጠቀምና ከዚያ ይሞላዋል። ባትሪ እንዲህ አይወድም። እስከ መጨረሻው ሳይደክም ወደ ቻርጀሩ መመለስ አለበት፤ ባዶውን ካደረ ይጎዳል። በእኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ይጠፋ ነበር። ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ነው፤ የመጀመሪያውን ቻርጀር ያቃጠለው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት። የባትሪዎቹን ክዳን ከፍቼ ውሃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ እጨምራለሁ። የባትሪው ራስ ላይ አረንጓዴ ዝገት ሲያበቅል በሶዳ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት እቀባለሁ። ታደሰ በበኩሉ ቢላዎቹን ያጸዳል፤ ርጥብ ሣር ከሥር ከተጋገረ ሞተሮቹ ይለፋሉ፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ከወንበሩ ሥር ደግሞ በስፕሪንግ የምትሠራ ትንሽ ስዊች አለች። ነጂው ሲቀመጥ ክብደቱ ይጫናታል፤ ከፊት ያለችው ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የምታገናኘውና የምታቋርጠው፣ ቀጭ ትላለች፤ ማሽኑ ይነሣል። ነጂው ቢወድቅ ወይም ቢነሣ ስዊቿ ትለቅና ማሽኑም ቢላዎቹም ይቆማሉ።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ላይ ማሽኑ ይቆም ጀመር።

የበልግ ዝናብ ጥሎ ሣሩ ተነሥቶ ነበር። የሚቆመው በላይኛው ሜዳ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዳገቱን ሲወጣ ነው። ድንገት ጸጥ ይላል። ታደሰ ሲነካካው ይነሣል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ወደ ወርክሾፕ ሲያመጣው ምንም የለውም። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ፤ ደህና ናቸው። ዳገት ላይ ስለሆነ ጭነት በዝቶበት ነው ብዬ ኬብሎቹን ፈትቼ አጸዳሁ፣ አጠበቅሁ። ሪሌዋን ቀየርኩ። የፍሬኑን ስዊች ፈተሽኩ። ከዚያ እኔ ራሴ ተቀምጬበት ላይኛውን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ነዳሁት። አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። የወንበሩን ስዊችም በቴስተር አየኋት፤ ስቀመጥ ታገናኛለች፣ ስነሣ ትለቃለች። ጤነኛ ናት።

በማግስቱ ታደሰ ወጣ፤ ቆመ።

«ጠልቶኛል» አለ ታደሰ።

«ጾመኛ አልሸከምም ብሎ ነው» አለው ሻምበል። «ፋሲካ ይድረስ፣ በግ ስትበላ ይነሣልሃል!»

ፋሲካ ደረሰ። ማሽኑ መቆሙን አላቆመም።

አስተዳዳሪያችን ወይዘሮ ሣራ ቢሮዋ ጠራችን። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ሰው ማስከፋት የማትወድ ሴት ናት፤ ለዚህ ይመስለኛል ስትናገር ወረቀቷን ታስተካክል የነበረው።

«ጥሩዬ፣ ክረምት ሲገባ ትልቅ ስብሰባ አለብን። ሣሩ በዚያ ጊዜ ጉልበት ነው የሚደርሰው። ፕሮብሌሙ ካልተፈታ ሥራውን ለውጭ ድርጅት ከመስጠት ሌላ ኦፕሽን የለኝም። እነሱ በቤንዚኑ ነው የሚያጭዱት።»

«እኔስ?» አለ ታደሰ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ እንደ ድሮው ዳር ዳሩን በሚገፋው...» አለችና አልጨረሰችውም። ወገቡን ታውቃለች።

ስንወጣ ታደሰ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። «የሚገፋውንስ አልችለውም» አለ። ይህን ያለው ለራሱ ነበር።

ጋሼ በየነ ያኔ ጡረታ ወጥተው ካራ ነበር የሚኖሩት። ስልክ ደወልኩላቸው። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ኬብሉን፣ ሪሌዋን፣ ፍሬኑን። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አንቺ ስትቀመጪበት ይቆማል?»

«አይቆምም።»

«እሱ ሲቀመጥስ?»

«ላይኛው ሜዳ ላይ ይቆማል።»

«ልጄ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? እሱ ሲሠራ አጠገቡ ቁሚ።»

በማግስቱ ማልዶ ካፊያ ጥሎ አባርቶ ነበር። ታደሰን እንደ ወትሮህ ንዳ አልኩትና ከጎኑ እየተራመድኩ ዳገቱን ወጣሁ። በዚያ ብርድ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ከላይ ካፖርት ለብሷል። ዳገቱ ጫፍ ሲደርስ፣ ከፊት ያለውን ሣር ለማየት ወደ መሪው አዘነበለ። ቀጭ አለች ሪሌዋ። ማሽኑ ቆመ።

«ይኸው!» አለኝ። «አየሽው?»

«አትንቀሳቀስ» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፤ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ወደ ታች ተጫንኩት። ቀጭ። ለቀቅሁት። ቀጭ። እንደገና ተጫንኩት፤ እንደገና ተናገረች። ከመዳፌ በታች ካፖርት፣ ከካፖርቱ በታች ሹራብ፣ ከሹራቡ በታች አጥንት ብቻ ነበር። እጄን ማንሣት አቃተኝ።

ማሽኑ ጤነኛ ነበር። ስዊቿም ጤነኛ ነበረች። የቀለለው ታደሰ ነው።

አብራው የምትኖር ሴት እንዴት ሳታይ ቀረች የሚል ይኖራል። አይቻለሁ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቻለሁ። ግን ታደሰ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነበር። በየዓመቱ ይከሳል፣ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። እኛ ጋ ጾመኛን ለምን ከሳህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንዲያውም በርታ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ላይ ያገኙት ሁሉ፣ «ታዴ፣ ዘንድሮ ጠንክረሃል» ይሉት ነበር። ፋሲካ አልፎ በሃምሳው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት፣ ሥጋውን ወደ እኔ ሲገፋው፣ «ሆዴ ጾሙን ለምዶ ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ማሽኑን ሽቦ በሽቦ ፈታትቼ ስመረምር የከረምኩት በዚያው ጊዜ ነው። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የከፋ ስሕተት አላውቅም፤ ያለ ቦታው ነው የፈለግሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» አልኩት።

ሜዳውን አየ። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጥሩዬ፣ ዳይሬክት አድርጊልኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስዊቿን። ሁለት ሽቦ ነው። ስታገናኚ አይቼሽ አውቃለሁ፣ ስትፈትሺ። ለክረምቱ ብቻ። ክረምቱ ይለፍና ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

«ብትወድቅስ? ዳገት ላይ ነህ። ቢላዎቹ አይቆሙም።»

«ለምን እወድቃለሁ? ተቀምጬ እኮ ነው።»

«ታዴ፣ ደረጃ ስትወጣ ትቆማለህ። ትናንት በሚኒባስ ውስጥ ራስህን ይዘህ ነበር።»

«እሺ፣ ስፕሪንጓን አላልቻት።»

ይህንንማ ሞከርኩለት። ወርክሾፕ ወርደን ወንበሩን ገልብጬ ስፕሪንጉን አላላሁት። ለእሱ ክብደት እስክትመች ሳላላት ወንበሩ በራሱ ክብደት ስዊቿን ተጫናት። ባዶው ወንበር ላይ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀጭ አለች። ያው ማገናኘት ማለት ነው። መልሼ አጠበቅሁት። ታደሰ ቆሞ ያየኛል።

«ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ጭኜ ላይ ላስቀምጥ እንግዲህ» አለ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «መሐንዲስ ሆንሽብኝ። የሰው ሚስት ለባሏ ስንት ታደርጋለች፤ አንቺ ሁለት ሽቦ ማገናኘት አቃተሽ።»

የስዊቿ ሁለት ሽቦዎች እጄ ውስጥ ነበሩ። ጫፋቸውን ለመላጥና ለመጠምዘዝ ከመነጽር መጥረግ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ስለ ጥሩነሽ ነገርኩት። ስለ ጣቶቿ፤ ሊረዳት ስለፈለገው ሰው። ከዚህ በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር።

«እኔ ጥሩነሽ አይደለሁም» አለ።

«አይደለህም። ባሌ ነህ። አላደርገውም።»

ከዚያ የማሽኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። እንደዚያን ቀን ወደ ቤታችን፣ ወደ የካ አባዶ የሚወስደው መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው።

በማግስቱ ለወይዘሮ ሣራ ሁለታችንም ቆመን ነገርናት፤ ወይም እኔ ነገርኳት፣ እሱ ቆመ። ወረቀቷን ማስተካከሏን ተወች። ብድግ ብላ ወንበሯን ለእሱ ሰጠችው። የሕክምና ፈቃዱን በዚያው ቀን አስጨረሰችለት፤ ሥራውንም ለውጭ ድርጅት አልሰጠችም፤ ከአትክልተኞቹ አንዷ፣ ጠንካራ ሴት ናት፣ መንዳት ተማረች። ማሽኑ ለእሷ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። ወርክሾፕ ውስጥ ሆኜ ላይኛው ሜዳ ላይ ሲሄድ እሰማው ነበር። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ግን ይሰማኝ ነበር።

የሐኪሙ ነገር አጭር ነው። ሕመሙ ሆዱ ውስጥ ነበር። ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል አሉን። እኔ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁና፣ «በሁዳዴ ብናመጣው ኖሮ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ያኔም አልፎ ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ያለው። ወደ መንገዱ ስወጣ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አልፎ ከነበረ፣ ታደሰን ከወንበሩ ላይ ያወረድኩት ለምን ነበር? ሆስፒታል ሄዶ ያተረፈው ነገር የለም። ሽቦዎቹን ባገናኛቸው ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ይነዳ ነበር። ምናልባት አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር፤ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ይህን በቴስተር አይለኩትም። ጋሼ በየነ ለቅሶ ሲመጡ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ዛሬ ቢጠይቅሽስ ታገናኚለታለሽ?» አሉኝ። አላገናኝም አልኳቸው። ለብዙ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጡ።

ታደሰ ታሞ የተኛው በኮንዶሚኒየማችን፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ነው። ቂም አልያዘም፤ ግን ስለዚያ ቀን አያነሣም፣ እኔም አላነሣም። ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራና ታች በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ቀና አድርጊኝ አለኝ፤ ቀና አደረግሁት። እንደ ሕፃን ቀሎ ነበር።

«ልክ ነበርሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሣ። «እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላገናኝም ነበር።»

ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር የከረምኩት።

«ግን ጥሩዬ» አለ፣ «ይህን ክረምት ማጨድ ፈልጌ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። ትራሱን ከጀርባው አስተካከልኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እስኪጨልም ሣሩን አየን።